ግንባሬ ላይ የተለጠፈው ሽልማት

ባለፈው ማክሰኞ ከሥራ ስመለስ ሀይዌዩ ተዘጋግቶ ቆመን ሳለ፣ ቀና ብል አንዲት የኮሌጅ ቅርጫት ኳስ ተጫዋች ከትልቅ የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ፈገግ ብላ አየችኝ። ፍራሽ ታስተዋውቃለች። ዕድሜዋ ቢበዛ ሃያ ይሆናል። ለዚያ ፈገግታ የሚከፈላት ገንዘብ ዛሬ ሕጋዊ ነው፤ ማንም ቢሮ ጠርቶ አያፋጥጣትም። እኔ ደግሞ ነርስ ነኝ፣ አሥራ ሁለት ሰዓት ቆሜ ውዬ እግሬ አብጧል። ደስ ብሎኝ ይሁን ቀንቼ አላውቅም፣ ብቻዬን መኪና ውስጥ "እሰይ የኔ እህት! ብዪ!" አልኩ። ከኋላዬ ያለው ሰውዬ ጥሩምባውን ነፋብኝ። ለካ መንገዱ ተከፍቷል።

እኔ ስሮጥ፣ በፈረንጆቹ ሁለት ሺህ ዘጠኝ ማለቴ ነው፣ የኮሌጅ ስፖርተኛ በስፖርቱ ምክንያት ከሰው ሰባራ ሳንቲም መቀበል አይችልም ነበር። ትምህርቱ ነጻ፣ መኝታው ነጻ፣ ጫማው ነጻ፤ ከዚያ ወዲያ ምሳ የጋበዘሽ ሰው እንኳ ቢኖር ማነው፣ ለምንድነው ይባላል። በየዓመቱ መጀመሪያ የደንብ ተቆጣጣሪው ሰብስቦን ዝርዝሩን ያነብልናል፤ እኛ እያዛጋን እንፈርማለን። ይከፈላቸው አይከፈላቸው የሚለው ክርክር ያኔም ነበር። በተለይ ስታዲየም ሙሉ ሰው የሚሰበስቡት የአሜሪካን ፉትቦል ልጆች ያጉረመርሙ ነበር፣ እውነታቸውን ነው። የእኛን አገር አቋራጭ ሩጫ ግን ትኬት ገዝቶ የሚያይ ማን አለ? ተመልካቾቻችን ወላጆች፣ ጥቂት ውሾችና ጋሼ ዘውዴ ነበሩ።

ጋሼ ዘውዴ ቴክሳስ ውስጥ ከአየር ማረፊያው ግሬፕቫይን ከተማ ወዳለ ሆቴል እንግዳ የሚያመላልሱ የሻትል ሾፌር ነበሩ። እማዬና እኔ የዲቪ ሎተሪ ደርሶን አሜሪካ ስንመጣ አሥራ ሦስት ዓመቴ ነው። ሊቀበለን ቃል የገባው ሰው ስልኩን አጠፋብን። እማዬ ሻንጣው ላይ ተቀምጣ ስታለቅስ አማርኛ ሰምተው የቆሙት እሳቸው ናቸው። "ምን ሆናችሁ?" አሉ፣ መልሱን ሳይጠብቁ ሻንጣውን አነሱት። ሜስኪት የምትባል ከተማ ባለችው ባለ አንድ መኝታ ቤታቸው አልጋቸውን ለቀቁልንና ሰባት ወር ሶፋ ላይ ተኙ። ሚስትም ልጅም አልነበራቸውም። አውቶቡሱን፣ ባንኩን፣ የትምህርት ቤቱን ፎርም ያሳዩን እሳቸው ናቸው። አንድ ነገር ደግሞ አሁንም አሁንም ይሉናል፤ "እዚህ አገር የፈለጋችሁትን ሁኑ። ወረቀት ላይ ግን እንዳትዋሹ። ሰው ይረሳል፣ ወረቀት አይረሳም።"

ውድድር ሲኖረኝ ሺፍት ተለዋውጠው ይመጣሉ። የሆቴሉን ዩኒፎርም እንደለበሱ ከገመዱ አጠገብ ቆመው "በርቺ የኔ ልጅ! እንዳታስቀድሚያት! ትከሻሽን ልቀቂው!" ይላሉ። ስለ ትከሻ መልቀቅ ምን እንደሚያውቁ እንጃ፣ እንኳን ሊሮጡ ፈጠን ብለው ሲራመዱ አይቻቸው አላውቅም። ግን እላችኋለሁ፣ ያቺን ድምፅ ስሰማ ትከሻዬ በራሱ ይለቅ ነበር።

ያ ጊዜ ይናፍቀኛል። ነሐሴ ላይ ገና ሳይነጋ ኮሌጁ አጠገብ ያለው ሐይቅ ዳር ካልሮጥን ፀሐይዋ አታስጠጋም። አየሩ እርጥብ ፎጣ ፊታችን ላይ የጣሉብን ይመስላል፤ ዛፉ ላይ ያሉት ነፍሳት ይንጫጫሉ፣ የታጨደ ሣር ይሸታል። ሮጠን ስንጨርስ እማዬ በፕላስቲክ ጠርሙስ የበጠበጠችልኝን በሶ አወጣለሁ። የቡድኑ ልጆች መጀመሪያ "ጭቃ ነው የምትጠጪው?" እያሉ ሳቁብኝ፤ በወሩ ጠርሙሴን ደብቄ መያዝ ጀመርኩ፣ ይጨርሱብኛላ! አሁን ጉልበቴ ደረጃ ሲያይ ያማርራል። ያኔ ግን ዳገት ላይ ሰው አልፌ ስሄድ የሚሰማኝን ደስታ ከዚያ ወዲህ በምንም አላገኘሁትም፣ በሠርጌም ቀን እንኳ። ባለቤቴ ይህን እንዳያነብ።

የመጨረሻ ዓመቴ ነበር። አራት ዓመት ሙሉ የተመኘሁት አንድ ነገር ነው፤ ከቡድኑ ጋር ለአገር አቀፉ ውድድር ማለፍ። ለዚያ ደግሞ ኅዳር ላይ የክልሉን ማጣሪያ መሮጥ ነበረብኝ። አሠልጣኛችን "ዘንድሮ ካላለፍን መቼም አናልፍም" ብላናለች።

የመስከረም መጀመሪያ ቅዳሜ ጠዋት በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ አንደኛ ወጣሁ። ከሰዓት በኋላ የአበሻው ማኅበረሰብ የተከራየው አዳራሽ ውስጥ የእንቁጣጣሽ በዓል ነበረና ፀጉሬ ሳይደርቅ ሄድኩ። ጭፈራው ደርቷል፣ እኔም ገባሁበት። በመሀል ጋሼ ዘውዴ ማይኩን ከዘፋኙ እጅ ነጠቁ። "ልጃችን ዛሬ አሜሪካኖቹን አስከትላ ገብታለች!" ሲሉ አዳራሹ በእልልታ ተናጋ። ከዚያ ከኪሳቸው ሃያ ዶላር አውጥተው ወደ እኔ መጡ።

"ጋሼ፣ አይቻልም፤ ትምህርት ቤቱ..." አልኩ ወደ ኋላ እያልኩ።

"ምን አይቻልም? ደስታም ፈቃድ ይጠየቅበታል እንዴ? ነይ ወዲህ!"

እስቲ ፍረዱኝ። አንድ ትልቅ ሰው በሰው ፊት ሊሸልምሽ እጁን ሲዘረጋ ግንባርሽን ትነሺዋለሽ? ሳቅ አልኩና ዝቅ አልኩላቸው። በላብ የራሰ ግንባሬ ላይ ብሩን በአውራ ጣታቸው ጫን አድርገው ለጠፉት። ሌሎቹ ሊከተሉ ሲነሱ ግን ያ የፈረምኩት ወረቀት ትዝ አለኝና ወደ ጓዳ ሸሸሁ።

አንዱ ልጅ ቪዲዮ አንስቶ ኖሯል። ኢንተርኔት ላይ ሲለጥፈው ክፉ አላሰበም፣ ስሜንም ማሸነፌንም ጽፎበታል። የቡድኔ ልጆች አይተው በሳቅ ሞቱ። በአራተኛው ቀን የደንብ ተቆጣጣሪው ጠራኝ፤ ብሩን የሰጠኝንም ሰው ይዤ እንድመጣ ነገረኝ።

ጋሼ ዘውዴ ሱፍ ለብሰው፣ ከረባት አስረው መጡ። ተቆጣጣሪው ክፉ ሰው አልነበረም፤ እንዲያውም መውጫውን ያሳየን እሱ ነው።

"ከዘመድ የተሰጠ ስጦታ ከሆነ ችግር የለውም፣ ፋይሉን አሁኑኑ እዘጋዋለሁ" አለ። "ዘመድ ካልሆኑ ግን ለማሸነፏ የተከፈለ ክፍያ ነው። ምኗ ነዎት?"

ጋሼ ዘውዴ ዐይናቸውን ሳያሹ በእንግሊዝኛ መለሱ። "አጎቷ ነኝ። ከእናቷ ጋር የአንድ እናት ልጆች ነን።"

ደነገጥኩ። ወረቀት ላይ እንዳትዋሹ እያሉ ያሳደጉን ሰውዬ! ተቆጣጣሪው እፎይ ያለ መሰለና ወረቀትና እስክሪብቶ ወደ እኔ ገፋ አደረገልኝ። "አጎትሽ ናቸው? ኦኬ፣ እንግዲያው እዚህ ጋ ፈርሚ።"

ኮሌጅ ስገባ የሞላሁት ፎርም ዐይኔ ላይ መጣ። ቴክሳስ ውስጥ ያለ ዘመድ በሚለው ቦታ ከእናቴ ሌላ የለም ብዬ ጽፌያለሁ። ቢያወዳድሩትስ? ትምህርቴን ቢነጥቁኝስ? እማዬ ላይ ጣጣ ቢያመጣስ? ዜግነት ካገኘን ሁለት ዓመት አልፎናል፣ ፍርሃት ግን ፓስፖርት አያይም። እስክሪብቶውን መልሼ ገፋሁት።

"አይደሉም" አልኩ። "ዘመዴ አይደሉም። የቤተሰብ ወዳጅ ናቸው።"

ጋሼ ዘውዴ ወደ እኔ አልዞሩም። በዚያች ደቂቃ በፈረንጅ ፊት ውሸታም አድርጌያቸዋለሁ። ተነሥተው የሰውየውን እጅ ጨበጡና "ሶሪ" ብለው ወጡ።

ሃያ ዶላሩን ለበጎ አድራጎት እንድሰጥ፣ የቀረውን የውድድር ጊዜ ደግሞ እንዳልሮጥ ተወሰነብኝ። ጋሼ ሲመልሱኝ መንገዱን ሙሉ አለቀስኩ። መኖሪያዬ በር ላይ መኪናውን ፓርክ አድርገው "ደግ አደረግሽ። ወረቀት ላይ አይዋሽም ብዬ ያስተማርኩሽ እኔው ነኝ" አሉኝ። እኔ ሞኟ የማለቅሰው ለሩጫው ነበር። አንድ ቃል ብላቸው ምን ነበረበት? አላልኩም። ኅዳር ላይ የጓደኞቼን ጃኬት ተሸክሜ ከገመዱ ውጭ ቆሜ ጮኽኩ። በጥቂት ነጥብ ሳናልፍ ቀረን።

ጋሼ ዘውዴ ከዚያም በኋላ አልቀሩብንም። ለፋሲካ ዶሮ ይዘው ይመጣሉ፣ እማዬን ሐኪም ቤት ያደርሳሉ፣ ልጄ ስትወለድ አቅፈው ስመዋታል። ብቻ እኔን "የኔ ልጅ" ማለት ተዉ። "ማርታ" ይሉኝ ነበር፣ በጨዋ ደንብ፣ እንደ ጎረቤት ልጅ። የሌሎች ልጆች ምርቃትና ሠርግ ላይም አይሸልሙም፤ ከወንበራቸው ሳይነሡ ያጨበጭባሉ። ይቅርታ ልበላቸው ስል፣ በዓል ነው፣ ሰው አለ፣ ሌላ ጊዜ እያልኩ ዓመታት ሄዱ። የስፖርተኞቹ የክፍያ ሕግ ከመለወጡ በፊት በነበረው የብርድ ወራት፣ አንድ ሰኞ ጠዋት ሻትላቸውን ሊያሞቁ ወጥተው ልባቸው ቀጥ አለ።

አሁን ሰው ሲከራከር እሰማለሁ። ገንዘቡ ስፖርቱን አበላሸው ይላሉ፤ ልጆቹ ተማሪ መሆናቸው ቀረ ይላሉ። እኔ ይከፈላቸው ባይ ነኝ፣ ጉልበታቸው ነው፣ ላባቸው ነው። በሃያ ዶላር የተበላሸ ስፖርት ካለ ድሮም ደህና አልነበረም። ክፍያ ያሉት ነገር ግን ክፍያ አልነበረም። አንድ ልጅ የሌለው ሰው በሰው ሁሉ ፊት ልጄ ያለበት መንገድ ነበር። እኔም ግንባሬን ሰጥቼ ተቀብዬ፣ ቢሮ ገብቼ መለስኩት።

ሩጫው ይናፍቀኛል፣ አልዋሽም። ጋሼ ዘውዴ ግን ይብስ ይናፍቁኛል። ዛሬ ያ ሰውዬ ያንኑ ወረቀት ቢያቀርብልኝ አጎቴ ናቸው ብዬ እፈርማለሁ፤ የሚጠይቀኝ ግን የለም።