ወፈርክ የማይባልበት ወንዝ

የተማርኩት እስከ ሦስተኛ ክፍል ነው። ዶክተሩ የልጄን በሽታ ስም ሲነግረኝ ስሙን አልያዝኩትም። የያዝኩት ስለ ልቡ ያለውን ነው። ሰውነቱ ምግብ ሲያጣ ራሱን መብላት ጀምሯል፣ ልቡም ደክሟል፣ ቀስ ብሎ ነው የሚመታው፣ ከዚህ በላይ ከከሳ ሊቆም ይችላል አለ። አስተርጓሚዋ በስልክ ነበረች። «ሊቆም ይችላል» ስትል ድምጿ አልተለወጠም። ሥራዋ ነው።

ልጄ ያን ጊዜ ሃያ ሦስት ዓመቱ ነበር። አሜሪካ አገር፣ አሌክሳንድሪያ ከተማ፣ ከእኛ ጋር ነው የሚኖረው፤ ፓርኪንግ ይሠራ ነበር። አባቱ ታክሲ ይነዳል፣ እኔ ሆቴል ውስጥ ክፍል አጸዳለሁ። ሩጫ ሲጀምር ደስ ብሎን ነበር። ዳቦ ተወ፣ ከዚያ ሥጋ ተወ፣ ከዚያ ማዕድ መቅረቡንም ተወው። አባቱ «ስፖርተኛ ነው፣ ተይው» ይለኝ ነበር። ሆስፒታል አስተኝተውትም ያመነው በመከራ ነው።

«ይሄ የፈረንጅ ሴቶች በሽታ አይደል እንዴ?» አለኝ ኮሪደሩ ላይ።

«ዶክተሩ ወንድም ይይዘዋል ብሏል።»

«የወሎን ወንድ?»

«የወሎን ለይቶ አልነገረኝም።»

ከሆስፒታል ሲወጣ ሁለት ነገር አዘዙለት። አንደኛው ምግቡ ነው። በሰዓቱ ይበላል፣ በየሳምንቱ ክሊኒክ ሄዶ ይመዘናል። ሚዛኑ ላይ ጀርባውን ሰጥቶ ነው የሚቆመው፤ ቁጥሩን የምታየው ነርሷ ብቻ ናት። ብዙ ከወረደ ተመልሶ ይተኛል። ሌላው ደግሞ ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ወንዝ ዳር፣ በዚሁ በሽታ ተይዘው ከዳኑና እየዳኑ ካሉ ወንዶች ጋር በእግሩ እንዲሄድ ነው። ይሄኛውን ከመድኃኒት አልቆጠርኩትም። ቅጠል ተቀጥቅጦ ሲጠጣ አውቃለሁ፤ ቅጠል እያዩ መዳን ግን ሰምቼ አላውቅም።

ለእኛም አንድ ሕግ ሰጡን። ስለ ሰውነቱ ምንም አይወራ፤ ክፉም ደግም። ከሳህ አይባልም፣ ወፈርክ አይባልም፣ አማረብህም አይባልም። በሽታው መወፈርን የሚያስፈራ ነው፣ ሰው ስለ መልኩ ሲያወራ ይብስበታል አሉን። እሺ አልኩ፤ ግን ያገሬ ሰው ሲገናኝ ታዲያ ምን ሊባባል ነው? እኛ ዘንድ «ወፈርክ» ሰላምታ ነው። ተመችቶሃል፣ አላህ ሰጥቶሃል ማለት ነው። የሚያስፈራው «ከሳህ» ነው፤ እሱ ለታመመና ለሐዘንተኛ ነው።

ረመዳን ገባ። ዶክተሩ እንዳይጾም ከለከለው። ሼኹም በሽተኛ ጾም የለበትም ብለው መከሩት። እሱ ግን መጾም አለብኝ አለ። ለዲኑ ይሁን ለበሽታው እኔ መለየት አልቻልኩም፤ እሱም የቻለ አይመስለኝም። በስንት ልመና እሺ ካለ በኋላም ጿሚ ፊት መብላት ያሳፍረዋል። ስለዚህ ምሳውን ይዤ ወደ መኪናው እንወርዳለን፣ እዚያው እንደቆመች ውስጧ እንቀመጣለን። የሰው እናት ልጇን ጹም ስትል፣ እኔ አፌ ደርቆ በቀትር «ብላ፣ በሞቴ፣ ይችን ብቻ» እያልኩ እለምናለሁ።

«እማ፣ ስቶፕ። በሞቴ አትበዪኝ።»

«እና በምን ልበልህ?»

«በምንም።»

ረመዳኑ አለፈ። ሚዛኑ አልወረደም፣ ፊቱም ትንሽ ወዛ። ለዒድ በልትስቪል የሚኖሩት የባለቤቴ ታላቅ እህት ጠሩን። ቀድሜ ደወልኩላቸው።

«እትዬ፣ አደራዎን፣ ስለ መልኩ ምንም እንዳይሉት።»

«ምን ሆኜ! እኔ ልጄን ላስከፋ?» አሉኝ።

ለካ እሳቸው የገባቸው ክፉ እንዳይናገሩ ነው። በር ላይ አቀፉት፣ ጉንጩን በሁለት እጃቸው ያዙና ቤት ሙሉ ሰው እየሰማ፣

«ማሻአላህ! ወፈርክ! ኧረ ፊትህ ሞላ የኔ ጌታ! ኑ እዩት እንጂ!» አሉ።

ዓይን እንዳይነካው ማሻአላሁን አስቀድመዋል። ያለው ሰው ሁሉ መጥቶ አየው። አባቱ ልጁ እንደ ተመረቀለት ሰው ቆሞ ይስቃል። ልጄም ፈገግ አለ። ያን ፈገግታ አውቀዋለሁ፤ ሆስፒታል ሊገባ ሰሞን ያመጣው ነው። ሥጋውን ሰሃኑ ላይ ወዲያ ወዲህ ሲያደርግ ቆየ። ከዚያ ሰሃኑን ይዞ ወጥ ቤት ገባ፣ ባዶውን ይዞ ወጣ።

መኪና ውስጥ ባለቤቴ «ምን አጠፉ? አሞገሱት እንጂ» አለ።

ልጄ ከኋላ ሆኖ «ባባ፣ ጀስት ድራይቭ» አለው፤ ዝም ብለህ ንዳ ማለቱ ነው።

ከዚያ በኋላ ባሉት ቀናት ምግቡን ክፍሉ ይዞ ይገባና በሩን ይዘጋል። ቆሻሻ ስደፋ በናፕኪን የተጠቀለለ ሩዝ አገኘሁ። ጠዋት ሥራ ልሄድ ስል፣ ብርድ ልብሱን የማስተካክል መስዬ እጄን ጀርባው ላይ አሳርፋለሁ። ልቡ ይመታል። ይሄን ካረጋገጥኩ በኋላ አውቶቡሴን ለመያዝ እሮጣለሁ።

ቅዳሜ ደረሰ። ቀርቶ ይተኛል ስል ተነሥቶ ጫማውን አሰረ።

«ሳትበላ?»

«እዛ ነው የምንበላው።»

መንዳት ተከልክሏል፣ ራሱን ይስታል ብለው። የምወስደው እኔ ነኝ። ቤልትዌይ የሚሉት ቀለበት መንገድ ላይ የቀኙን መስመር ይዤ፣ ትልልቁ መኪና ሁሉ እየጮኸብኝ እንደርሳለን። ሌላ ጊዜ መኪና ውስጥ ነበር የምጠብቀው። የዚያን ቀን ግን ወረድኩና ራቅ ብዬ ተከተልኩት። ዛፍ ውስጥ ሲገባ ይሮጣል ብዬ ነው የፈራሁት፤ ሮጦም ይወድቃል።

ማንም አልሮጠም። ጥቂት ወንዶች ናቸው። አንዱ ሽበታም፣ አንዱ ወታደር የሚመስል ግዙፍ ሰው፣ ሌሎቹ የልጄ እኩዮች። መሪያቸው ረጅም ጥቁር አሜሪካዊ ነው፤ እሱም በወጣትነቱ ታሞ የዳነ ነው አሉ። ከብት እንደሚነዳ ሰው ከኋላ ከኋላ ቀስ ብሎ ይሄዳል፣ ፈጥኖ የሚቀድም ካለ ጠርቶ የሆነ ነገር ያሳየዋል፤ እንጉዳይ፣ ወይ ዛፍ ላይ ያለ ቀዳዳ። ዞር ሲል እኔን አየኝ። የማን እናት እንደሆንኩ ጠየቀ።

«የኔ» አለ ልጄ በእንግሊዝኛ፣ መሬት መሬት እያየ።

ሰውየው ነይ በሚል እጅ ጠራኝ። ድንጋዮች አሉ፤ ሁሉም ፊቱን ወደ ውሃው አዙሮ በአንድ ረድፍ ተቀመጠ። እኔም ልጄ አጠገብ ተቀመጥኩ። እያንዳንዱ ከቦርሳው ምግቡን አወጣ። ልጄ የለውዝ ቅቤ የተቀባ ዳቦ አወጣ፣ ይዞትም ቁጭ አለ። እኔ አፉን አየሁ። ልማድ ነው፤ እኛ ስናበላ የምናየው አፍ ነው። ሰውየው ቀስ ባለ እንግሊዝኛ፣ እኔ እንድረዳው ብሎ፣ «ወፏን እዪ» አለኝ።

እኛ ሽመላ የምንላትን የመሰለች ግራጫ ወፍ ውሃው ውስጥ ቆማለች። ዝም ብላ። ሁሉም ዝም ብሎ እሷን ያያል። ብላ ያለ የለም፣ ጨርስ ያለ የለም። አጠገቤ የፌስታል ድምፅ ሰማሁ። አንገቴ ሊዞር ፈልጎ ነበር፤ ያዝኩት። እንዲህ ከባድ ሥራ ሠርቼ አላውቅም ብል ውሸት አይሆንም። ወፏ አንገቷን ወርውራ ዓሣ ስታወጣ ወንዶቹ ሁሉ «ኦ!» አሉ። እኔም አልኩ። ያኔ ዞርኩ። ዳቦው የለም፣ ጉልበቱ ላይ ፍርፋሪ አለ።

ውሃው ላይ ጥሎት እንደሆነ ብዬ ወንዙን እስከ ታች አየሁ። የሚንሳፈፍ ዳቦ አልነበረም።

ስንመለስ መኪና ውስጥ ራሱ ጀመረ።

«አክስቴ ቤት ሁሉም ሰው እኔን ነው የሚያየው። እዛ ወፏን ነው።»

«እኔስ?»

«እማ፣ አንቺ ካሜራ ነሽ።»

ሳቅኩ። እሱም ትንሽ ሳቀ።

በዚያው ሳምንት ሲመዘን ነርሷ ወርዷል አለች። እስከሚቀጥለው ሳምንት ድረስ እንየው፣ ካልሆነ አልጋ ይያዝለታል አለች። ቤት ስገባ ጠረጴዛውን ገፍቼ መስኮቱ ሥር አስጠጋሁት። መስኮታችን ፓርኪንጉንና ከአጥሩ ማዶ ያሉትን ዛፎች ያሳያል። ወንበሮቹን በአንድ በኩል ደረደርኳቸው። ባለቤቴ ከሥራ ገብቶ አየና፣

«ምንድን ነው፣ ሚኒባስ ውስጥ ነው እንዴ የምንበላው?» አለ።

«ተቀመጥ፤ ስለ ሰሃኑም እንዳታወራ።»

«ስለ ምን ላውራ?»

«ስለ ዛፉ።»

«ዛፉ ምን ሆነ?» አለ፣ ግን ተቀመጠ። መጀመሪያ ቀን ልጄ ጥቂት በላ። በማግስቱ ክፍሉ ሳይገባ እዚያው በላ። ባለቤቴ ጎረቤታችን መኪና ማቆም እንደማይችል ሲያወራ ነበር፤ መስኮቱ የሚያሳየው እሱን ነው። ቅዳሜ ደግሞ ወንዝ ሄደ። እኔ መኪና ውስጥ ቀረሁ።

ነርሷ በቀጠሮው መዝናው ወጣች። ቁጥር አልነገረችኝም፣ አልጠየቅኳትምም። «ቤት ይቆያል» አለችኝ። ድኗል አላለችም። እኔም ጠዋት ጠዋት እጄን ጀርባው ላይ ማሳረፌን አልተውኩም።

በኋላ አንድ ቅዳሜ የባለቤቴ እህት መጡ። የደጉንም ቃል እንዳይሉት በስልክ አስረድቻቸው ነበር። ልጄ ከወንዝ መመለሱ ነበር። በሩን ከፈተላቸው፣ እጃቸው ወደ ጉንጩ ተነሣ፣ አፋቸው ተከፈተ። እኔ ከኋላው ሆኜ አየኋቸው። እጃቸው አየር ላይ ቆመ። ወደ ታች ወደ እግሩ አዩ።

«ጫማህ እንዴት ነው የጨቀየው አባቴ! ከየት ነው የመጣህ?»

«ከወንዝ፣ አክስቴ።»

«ወንዝ ምን አለና?»

«ወፍ አለ። አንድ ቀን እወስድሻለሁ።»

ጫማቸውን አውልቀው ገቡ፣ የተደረደረውን ወንበር አዩ፣ ጫፉ ላይ ተቀመጡ። አራታችንም ፊታችንን ወደ መስኮቱ አዞርን። ትንሽ ቆይተው፣

«ምንድን ነው የምናየው?» አሉ።

«ዝም ብለሽ እዪ» አላቸው ወንድማቸው።

እኔም ዛፎቹን እያየሁ፣ አጠገቤ ከልጄ በኩል ዳቦ ሲቆረስ ሰማሁ።