ሰይድን የጣልኩበት ቀን

ባለፈው ወር ደሴ ላይ አንድ ልጅ እግር ሐኪም አንገቴን ቀዝቃዛ ቅባት ቀብቶ በመሣሪያ ሲፈትሸኝ የገዛ ደሜን ድምፅ ሰማሁት። ሽው፣ ሽው ይላል። "እማማ፣ ወደ አንጎልዎ ደም የሚያደርሰው የግራው ሥር ጠቧል" አለኝ፤ ደግሞ በእጁ እያሳየ ያስረዳኝ ጀመር። ጨዋ ልጅ ነው፣ አላቋረጥኩትም። እኔ ግን ይህን ትምህርት የተማርኩት እሱ ሳይወለድ፣ መካነ ሰላም ላይ ነው። የተፈተንኩትም በወንድሜ ገላ ነው።

ድርቁ አልፎ አብዮቱ የመጣ ሰሞን ነበር። መሬት ላራሹ ታውጇል፤ እኛ ቤት ግን ገና እግር ያሽመደምዳል የሚባለውን ጓያ ነበር የምንበላው፤ ጠዋት ቆሎውን፣ ማታ ሽሮውን። እኔ ሰባተኛ ክፍል ነበርኩ። ሳይንስ የሚያስተምረን ከአዲስ አበባ የመጣ ዘማች ተማሪ፣ በረሃቡ ጊዜ ሰው መንገድ ላይ ሲወድቅ አይተን እንደሆነ ጠየቀን። ያላየ አልነበረም።

"ሰውነት አውቆ ነው የሚወድቀው" አለን። "ልብ ከጭንቅላት በታች ናት። ጉልበት ሲያንሳት ደሙን ሽቅብ መግፋት ያቅታታል። ሰውየው ሲጋደም ግን ደሙ ሜዳ ለሜዳ ይሄድለታል። የወደቀ ሰው ካያችሁ አታቁሙት፤ እግሩን ብቻ ከፍ አድርጉለት።"

ያን ቀን ቤቴ እስክደርስ አለቀስኩ። እኛ የወደቀውን ሁሉ ደግፈን ስናቆም ነበር የከረምነው።

ግንቦት ላይ አባቴ፣ አጎቴ አሊና ታላቅ ወንድሜ ሰይድ በአዋጁ የደረሰንን ማሳ ሊያርሱ ወጡ። እኔ ምሳቸውን ይዤ ተከተልኩ። ዝናቡ ዘግይቶ መሬቱ ደርቋል፤ ከበሬዎቹ ኮቴ ሥር አቧራው ይጨሳል። ገና ሁለት ትልም ሳያወጡ የባላባቱ ልጅ ጌታሁን ከነሎሌዎቹ ደረሰ።

"ያባቴን መሬት ልቀቁ!" አለ።

ሰይድ የመለሰለት በዱላ ነው። ዱላው የጌታሁንን የፊት ጥርሶች አረገፋቸው፤ ጌታሁንም ጎራዴውን መዞ የሰይድን ጭን ዘነጠለው። ደሙ ፈሰሰ አልልም፤ ልቡ በመታች ቁጥር ፊን ፊን እያለ ነበር የሚወጣው።

እዚህ ላይ ያገራችንን ወግ ማወቅ ያስፈልጋል። የቆሰለ ወንድ ያቆሰለው ሰው እያየው አይጋደምም። ከተጋደመ ባለጋራው "ጣልኩት" ብሎ ይፎክራል፤ ፉከራውም ገበያ ወጥቶ ለልጅ ልጅ ይተርፋል። ስለዚህ አባቴና አጎቴ ግራና ቀኝ ብብቱ ሥር ገብተው ሰይድን ቀጥ አድርገው ያዙት። ጌታሁን ደግሞ ደም እየተፋ ማዶ እርከኑ ላይ ቆሞ መውደቁን ይጠብቃል።

"በርታ! ቁም ልጄ! ያ ውሻ እያየህ ነው!" ይላል አባቴ።

ሰይድ አዛጋ። ማዛጋቱ፣ ሰው ሊወድቅ ሲል የሚያሳየው ምልክት ነውና፣ ከደሙ ይልቅ አስፈራኝ። ከንፈሩ አመድ መሰለ፣ ዐይኑ ወደ ላይ ተገለበጠ።

"አባ፣ አስተኙት! በአላህ አስተኙት፣ ደሙ ጭንቅላቱ አልደረሰም!"

"ዝም በይ አንቺ! ጠላቱ ፊት ላስተኛው?"

የሰይድን ዱላ ከመሬት አነሳሁ። ከኋላው ዞሬ የጉልበቱን ማጠፊያ ባለ በሌለ ኃይሌ መታሁት። ሦስቱም ተያይዘው ወደቁ። ማዶ ፉከራው ቀለጠ። እግሮቹን ሞፈሩ ላይ ሰቀልኩ፣ መቀነቴን ፈትቼ ከቁስሉ በላይ አሰርኩት፣ ከዚያ በጉልበቴ ጭኑ ላይ ወጣሁበት። አባቴ ጅራፉን አንስቶ ጀርባዬን ይገርፈኝ ጀመር። እያለቀሰ ነበር የሚገርፈኝ፤ እኔም አልተነሳሁም። በመጨረሻ አጎቴ አሊ "ያ ረቢ! ልጁ ነፍስ ዘራ!" ብሎ እጁን ያዘው።

ሰይድ ዐይኑን ገለጠ።

"ማነው የጣለኝ?"

"እኔ ነኝ" አልኩት።

መልሶ ጨፈነ።

ዳነ፤ ግን አነከሰ። ገበያ በወጣ ቁጥር የጌታሁን ፉከራ ቀድሞት ይደርሳል። እውነቱን ልናገር ስል "እህቱ ጣለችው ከሚሉኝ ጌታሁን ጣለው ይበሉ" ብሎ ከለከለኝ። በዓመቱ የገበሬ ማኅበሩ ጠመንጃ አስታጠቀው። ሰይድም ጌታሁንን ከገበያ ሲመለስ ጠብቆ አንገቱን በጥይት መታው። ያኔ ማን ጠያቂ ነበረ? ተኩሱን ሰምቼ ስደርስ ነፍሱ አልወጣችም፤ ሚስቱ ታቅፋው ቁስሉን በነጠላዋ ለመድፈን ትታገላለች። ደሙ በጣቶቿ መሃል ይወጣ ነበር። አንገት እንደ ጭን በመቀነት አይታሰርም።

ሰይድን "ለምን?" አልኩት።

"አንቺ ባትጥይኝ ቆሜ እሞት ነበር። እሱም ይኖር ነበር" አለኝ።

ሰይድ ዛሬ ባለ ብዙ የልጅ ልጅ ነው፤ ሕፃናቱ ለዒድ ስሄድ አንገቴ ላይ ሲንጠለጠሉ ደስታዬ ልክ የለውም። ቢደገም፣ ወላሂ፣ ደግሜ እመታዋለሁ። ዘንድሮ ግን መታመሜን ሰምታ የጌታሁን ሚስት ልትጠይቀኝ መጣች። አርጅታለች። አጠገቤ ተቀመጠችና፣ "አንቺ የቆሰለ ማዳን ታውቂ ነበር ይላሉ። ያን ቀን ምን ባደርግለት ይተርፍ ነበር?" አለችኝ።

"ምንም። ምንም ልታደርጊለት አትችይም ነበር" አልኳት።

ፊቷን በእጇ ሸፍና "እፎይ" አለች። ይህን ሁሉ ዘመን የገደልኩት እኔ ነኝ ስትል ኖራለች።