ለጥንቸሏ ድርቆሽ

ስህን ይመር ድሮ ዝም የምትል ሴት አልነበረችም። በሐይቅ ከተማ፣ ከውኃው ዳር፣ ቀበሌ የመራት ቁራሽ መሬት ነበራት፤ ስኳር ድንችና ጎመን ታለማበታለች። ገበያ ስትወጣ ሰው ዙሪያዋን የሚከባት ለጎመኗ ይሁን ለጨዋታዋ አይታወቅም ነበር። አንዱን ታሞግሰዋለች፣ ሌላውን በነገር ትወጋዋለች፤ የተወጋውም እየሳቀ ጎመን ይዞ ይሄዳል። እንዲህ ያለችው ሴት ናት በ1976 ክረምት አንዲት ልጇን ራህማን ኩፍኝ ሲወስድባት አፏን የዘጋችው። ልጅቷ ተቀብራ፣ ለቀስተኛው ተበትኖ፣ ወሩ ሲወጣ እንኳ ስህን ለሰላምታ የምትመልሰው ራሷን በመነቅነቅ ነበር።

ባሏ ኑርዬ ይህን አልቻለውም። እሱ በችግኝ ጣቢያ በዘበኝነት የሚያድር፣ ካልጠየቁት የማይናገር ረጅም ሰው ነው። ቤቱን የሚሞላው የእሷ ድምፅ ስለነበር ያ ድምፅ ሲጠፋ ቤቱ ኦና ሆነበት።

በዚያ ዓመት ለጣቢያው «ለሴቶች ማኅበር የሚታደል» ተብሎ ጥንቸል መጥቶ ነበር። ክርስቲያኑ ጥንቸል አይበላም፤ እስላሙም «ይኼ ደግሞ ምን ጉድ ነው?» ብሎ ሸሸ። ፈላጊ ያጡት ጥንቸሎች በየሣጥናቸው ውስጥ እንዳሉ አንድ በአንድ አለቁ። የተረፈችውን ነጭ ጥንቸል ኑርዬ በካፖርቱ ሸፍኖ ቤቱ ይዟት ገባና ስህን ጭን ላይ አስቀመጣት።

«ምንድን ናት?» አለች ስህን። ከቀብሩ ወዲህ ማንንም ነገር ስትጠይቅ የመጀመሪያዋ ነበር።

«ጥንቸል ናት። የሚይዛት ሰው ካላገኘች ትሞታለች አሉ።»

ስህን ለእንግዳ የሚቀርበውን ሁሉ አቀረበችላት። ዳቦ በውኃ አራሰችላት፤ የስንዴ ቆሎ በተነችላት። ጥንቸሏም ያገኘችውን ሁሉ ስትበላ አመሸች። በማግሥቱ ግን ሆዷ እንደ ከበሮ ተወጥሮ፣ ጆሮዋን ጥላ፣ ጥግ ላይ ተኮራምታ ተገኘች። ስህን አንስታ አቀፈቻትና፣ «ይችም ልትሄድብኝ ነው» አለች። ድምፅዋን የሰማችው የግድግዳ ጎረቤቷ አሰገደች ብቅ ብላ «ወተት አጠጪያት እስቲ» ብትልም ኑርዬ አልጠበቀም፤ የጣቢያውን የግብርና ባለሙያ ሙሉጌታን ፍለጋ ሮጠ።

«እህል ነው የሰጣችኋት?» አለ ሙሉጌታ። «በሉ እህሉን አቁሙ። ጥንቸል የሣር እንስሳ ናት። ዋናው ምግቧ ድርቆሽ ነው፤ ጠዋትም ማታም ከፊቷ አይጥፋ። ቅጠል ስትሰጧት ጤዛው የደረቀ፣ ጠውለግ ያለ ይሁን፤ ማገጥ የሚባለውን ባለ ሦስት ቅጠል ሣር በእርጥቡ ከበላች ሆዷ ተነፍቶ ትሞታለች። የድንች ቅጠልና የቲማቲም ቅጠል እንዳታስጠጉባት፣ መርዝ ነው። የስኳር ድንቹ ግን ይስማማታል። ንጹሕ ውኃ አትከልክሏት።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «የኛዎቹን የፈጃቸው ፉርሽካ ነው። ከፉርሽካ በቀር የተመደበላቸው አልነበረማ» አለው።

ስህን የሰማችውን አንድም ሳታጎድል ያዘች። ከብት ካላቸው ጎረቤቶች እፍኝ እፍኝ ድርቆሽ ለመነች። ሰርዶ እየነቀለች አፈሩን አራግፋ በጥላ አደረቀች። የሐይቁን ዳር ቄጠማ አድርቃ ሞከረች፤ ያን ጥንቸሏ አሽትታ ተወችው። የስኳር ድንቹን ቅጠል ጠዋት ቆርጣ ድንጋይ ላይ ታሰጣለች፤ ሲጠወልግ ከድርቆሹ ጋር ትሰጣታለች። የተነፋው ሆድ ጎደለ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ኑርዬ ወደ ቤቱ ሲገባ ከውስጥ የሚስቱን ድምፅ ሰማ።

«አንቺ ሆዳም! ትናንት ልትሞችብኝ አልነበር? ዛሬ ደግሞ ሣር ታማርጪያለሽ?»

ኑርዬ አልገባም። ውጭ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሞ ዓይኑን በጋቢው ጫፍ ጠረገ።

እንዲህ ሆና ስህን ወደ ሰው ተመለሰች። በጥንቸሏ የጀመረችውን ወሬ በአሰገደች ቀጠለችው፤ ከዚያ ገበያው ደረሰው። ሰው ግን በዚያ ዓመት ለጨዋታ ጆሮ አልነበረውም። ዝናቡ ቀርቷል። ኅዳር ሲገባ የወልድያ መንገድ በሰው ተሞላ፤ ከአምባሰል ቀበሌዎች፣ ከየጁ በኩል፣ ከብቱን የጨረሰ፣ በሩን ዘግቶ የወጣ ሁሉ በከተማው ወደ ተከፈተው የእርዳታ ጣቢያ ይጎርፋል። ጥቂት የሚሰጠው የነበረው ከተሜም እጁ አጠረ። የስህን ማሳ ብቻ ሐይቁን እየጠጣ አረንጓዴ ነበር።

አንድ ጠዋት የስኳር ድንች ቅጠል ቆርጣ እንደ ልማዷ ድንጋይ ላይ ስታሰጣ፣ ልጅ ያዘለች ሴት ከአጥሩ ማዶ ቆመች።

«እህቴ፣ ያሰጣሽው ለማን ነው?»

«ለከብት ነው» አለች ስህን። ጥንቸል ማለት አሳፈራት።

«እንግዲያ ከብቱ ሳይመጣበት ትንሽ አንሺልኝ።»

ስህን እሺ ሳትላት ሴትዮዋ በአጥሩ ላይ ጎንበስ ብላ ቅጠሉን ዘገነች። አልቀቀለችውም፤ አላጠበችውም። እያኘከች ከአፏ በጣቷ አውጥታ ጀርባዋ ላይ ላለው ልጅ ታጎርሳለች። ስህን እጇን ይዛ ቤት አስገባቻትና የነበራትን አቀረበችላት። ሴትዮዋ በልታ ቀና ስትል ጥጉ ላይ ያለችውን ጥንቸልና ከፊቷ የተበተነውን ቅጠል አየች። ቅጠሉን አየች፣ ስህንን አየች። ልጇን አስተካክላ አዝላ፣ «ልጅ ይስጥሽ፤ ቤትሽ አይጉደል» ብላ መርቃ ወጣች። ብትሰድባት ይሻል ነበር። ስህን ያን ቀን እህል ከአፏ አልገባም።

ኑርዬ ሲመጣ፣ «ከዛሬ ወዲያ ሰው የሚበላው ነገር በዚች ጥንቸል አፍ አይገባም» አለችው።

«ታዲያ ምን ትብላ?»

«ሰው የማይበላውን። ድርቆሽ ትብላ።»

«ድርቆሽ የት አለ? ሰው የቤቱን ክዳን ለከብት እየነቀለ አይደል?»

«ደገኞቹ አሁንም ያወርዳሉ አሉ፣ በአምባሰል መንገድ ካለው ገበያ። አንድ ሸክም ብታመጣልኝ ክረምት ድረስ አብቃቃዋለሁ። የስኳር ድንቹን ቅጠል ለመንገደኛው እቀቅለዋለሁ።»

ኑርዬ ጥቂት አሰበ። አልተከራከራትም፤ ዳግም መናገሯ ብቻ ደስ ብሎት ነበር።

ጥር ውስጥ በገበያው ቀን ማለዳ ሲወጣ በር ድረስ ተከተለችው። «ቢጫውን እንዳትገዛ። አረንጓዴነቱ ያለቀቀውን ፈልግ። መሃሉን ፈልቅቀህ እየው፣ ሻጋታ እንዳይኖረው። ደግሞም አሽትተው፤ ሣር ሣር ካልሸተተህ ተወው።»

«እኔ የምበላውን እንዲህ መርጠሽልኝ ታውቂያለሽ?» አለና ሳቀ።

«አንተማ ያገኘኸውን ትበላለህ።»

በዚህ ተለያዩ።

ከሰዓት በኋላ አሰገደች ጫማዋን በእጇ ይዛ እየሮጠች መጣች። እሷም ጨው ልትሸጥ እዚያው ገበያ ውላለች። በር ላይ ተቀመጠች።

«ስህኔ፣ ገበያውን ከበቡት። ታጣቂ ነው የመጣው። ወንድ የተባለ ሁሉ ለሰፈራ ተብሎ መኪና ላይ ተጫነ።»

«ኑርዬስ?»

«ድርቆሹን እንደተሸከመ ነው የያዙት። ‹ሚስቴ ሐይቅ ናት፣ የመንግሥት ሥራ አለኝ› ሲል ሰማሁት። ማን ይስማው! ሸክሙን ከትከሻው ገፍተው ጣሉትና እሱን ጫኑት።»

ስህን በቀጥታ ወደ ቀበሌ ሄደች። ሊቀመንበሩ ታረቀኝ ከሰዎቹ ጋር ከጽሕፈት ቤቱ ደጅ ተቀምጦ ነበር።

«ጓድ ታረቀኝ፣ ባሌን ከገበያ ወሰዱብኝ። አስመልስልኝ።»

«ሰፈራ በፈቃድ ነው፣ አንቺ ሴትዮ። ያልፈለገ አልሄደም። ባልሽ ድርቁ መርሮት ነው የሄደው።»

«ድርቆሽ ሊገዛ የወጣ ሰው ነው!»

«ከብት አላችሁ እንዴ?»

ስህን መልሱ የሚያመጣባትን አውቃዋለች፤ ግን መዋሸት አልሆነላትም። «ለጥንቸል ነው» አለች።

ከሰዎቹ አንዱ አፉን በእጁ ያዘ፤ ሌላው ግን መቻል አቃተው። ተያይዘው ሳቁ። ታረቀኝም ሳቁ እስኪበርድለት ቆይቶ፣ «ሕዝብ በሚራብበት ጊዜ ለጥንቸል ሣር የሚገዛ ሰውማ መሄዱ ይበጀዋል» አላት።

በማግሥቱ ሰፋሪዎች ወደሚከማቹበት፣ ደሴ ወዳለው የመሸጋገሪያ ሠፈር ድረስ ሄደች። በር ላይ ያለው ወታደር መጥፎ ሰው አልነበረም፤ ጠይቆ መጣና፣ «እናቴ፣ የነሱ ጭነት ጠዋት ወጥቷል፤ አሶሳ ነው የሚሏቸው» አላት። አሶሳ የት እንደሆነ አታውቅም። ሩቅ መሆኑን ከወታደሩ ፊት አወቀች።

ስትመለስ ወሬው ቀድሟት ነበር። በየጠላ ቤቱ፣ በየጫት ቤቱ፣ ለጥንቸል ድርቆሽ ሊገዛ ወጥቶ አሶሳ የገባው ሰውዬ ይነሣል። ያ መራር ዓመት የሚያስቅ ነገር አልነበረውም፤ ስለዚህ ይህችን ይዘው ሳቁባት። ገበያ ስትወጣ «የጥንቸሏ ሴትዮ» የሚል ሹክሹክታ ከኋላዋ ይሰማል። ሰውን በነገር ስትወጋ የኖረችው ሴት ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጎትታ ታልፋለች።

ጥንቸሏ ከጥጉ ሆና ታያታለች። ስህን አላበላቻትም፤ ወደሷ ዞርም አላለች። በሩን ከፍታ ትታ ውሻ ቢወስዳት እንኳ ግድ አልነበራትም። ኋላ አሰገደች እቅፍ ሙሉ ድርቆሽ ይዛ ገባች። ወንድሟ በሐይቅ እስጢፋኖስ ስለሚያገለግል ከገዳሙ ሣር ለምናው ነው።

«ጦሟን ልትገድያት ነው? እሷ ምን አጠፋች?»

«እኔስ ምን አጠፋሁ፣ አሰገደች? ሰው የሚበላውን ለእንስሳ አልሰጥም አልኩ። ይኸው ነው ጥፋቴ። ያችን ሴትዮ ባላያት ኖሮ፣ ቅጠሉን እንደ ፊቱ ለጥንቸሏ ብሰጣት ኖሮ፣ ባሌ ዛሬ እዚህ ነበር። ደግ ልሁን ብዬ ነው ያጠፋሁት።»

አሰገደች ድርቆሹን ከጥንቸሏ ፊት አስቀመጠችና ስህን አጠገብ ተቀምጣ እጇን ያዘች። ጥንቸሏ መብላት ጀመረች። የመንጋጋዋ ድምፅ ብቻ ነበር ቤቱ ውስጥ የሚሰማው።

ከዚያ በኋላ ስህን ማብላቷን አላቋረጠችም። ድርቆሹን እየፈለቀቀች ሻጋታውን ትለያለች፤ ውኃዋን በየጠዋቱ ትለውጣለች። ግን ጭኗ ላይ አላስቀመጠቻትም፤ አንድ ቃልም አላናገረቻትም። ጥንቸሏ ወፍራ፣ ጠጉሯ አብረቅርቆ ዓመታት ኖረችና አንድ የክረምት ጠዋት አርጅታ ሞታ ተገኘች። ስህን ከማሳው ዳር ቀበረቻት።

በ1981 ከበደ የሚባል የአምባሰል ገበሬ ከአሶሳ ሰፈራ ጠፍቶ፣ በጎጃም በኩል በእግሩ አገሩ ገባ። እግሩ ቆስሏል። ሐይቅ ሲደርስ የኑርዬን ቤት ጠየቀ፤ ለከፈተችለት ሴት ስሙንና የመጣበትን ነግሮ ሚስቱ መሆኗን ሲሰማ ግን እንደ ደነገጠ ሰው በሩን ይዞ ቆመ።

«ኑርዬ አለ?» አለች ስህን።

«አለ። ደህና ነው።» ቀጥሎ ዓይኑን ወደ መሬት ጣለ።

«ንገረኝ፣ ጋሼ ከበደ። ከዚህ የከፋ አታመጣብኝም።»

«አንቺ የሞትሽ መስሎት ነው፣ እህቴ። በመጀመሪያው ክረምት ከሐይቅ መጣሁ ያለ ሰው ሚስትህ በኮሌራ ሞታለች አለው። አለቀሰልሽ፤ አብሬው ነበርኩ፣ ወላዲቱን! እህል አልበላም ብሎ ልናጣው ነበር። ኋላ ቤት የሚሰጠው ትዳር ላለው ነው ሲሉ አንዲት የየጁ ሴት አገባ። ሁለት ልጆች አሏቸው።»

ስህን «ልጆቹ ጤነኞች ናቸው?» አለች።

«ደህና ናቸው። ስሚኝ፣ ወደዚያ የሚሄድ የማምነው ሰው አለ። በሕይወት እንዳለሽ ልላክበት።»

«አትላክ።»

«በደል ነው፣ እህቴ! ሰውየው ይወቅ።»

«ቢያውቅና ቢመጣ እነዚያን ልጆች ማን ያሳድጋቸዋል? አውቆ ቢቀርብኝስ? ያንን ደግሞ እኔ አልችለውም። ሞታለች ብለውታል፤ ሞታለች ይሁን። አንዴ አልቅሶልኛል፤ ይበቃኛል።»

ከበደ እግሩን የምታጥብበት ሙቅ ውኃ ስታቀርብለት ቀና ብሎ ሊያያት አልቻለም።

በ1983 መንግሥት ሲወድቅ ሰፋሪዎች በመኪና በመኪና ሆነው ተመለሱ። መኪና በመጣ ቁጥር የሐይቅ ከተማ ሰው መንገድ ዳር ወጥቶ የየራሱን ዘመድ ይፈልጋል፤ እልልታና ለቅሶ ይቀላቀላል። ስህን ማሳዋ ውስጥ በጣሳ ውኃ እየቀዳች ጎመኗን ታጠጣ ነበር። በእሷ ፈንታ አሰገደች እየሮጠች ትወጣና በየመኪናው ላይ ያለውን ፊት ሁሉ ታያለች። ተመልሳ አጥሩ አጠገብ ስትደርስ ምንም አትላትም፤ ስህንም ቀና ብላ አትጠይቃትም።