የእድሩ ባትሪ የጠጣችው ውሃ

ይህን ጽሑፍ ሳልጽፈው ልቀር ጥቂት ነበር የቀረኝ። ስለ ፀሐይ ኃይል የማውቀው ከመጽሐፍ የለቀምሁትን ቃል ብቻ ነው፤ ቃሉን በእጇ ስለምትዳስሰው ሰው ለመጻፍ ደግሞ ድፍረቱ አልነበረኝም። የጀመርሁት ሌላ የሚጽፈው ሰው እንደሌለ ስረዳ ነው።

ሩቅያ ዩኑስ በደብረ ታቦር ገበያ ዳር በምትገኝ ጠባብ ሱቅ ውስጥ የፀሐይ ፓኔልና ባትሪ ትሸጣለች፤ ሲበላሽም ትጠግናለች። ሱቋ ቀድሞ አባቷ ዩኑስ ሬዲዮ ይጠግኑባት የነበረች ናት። ዓይናቸው ሲደክም ካውያውን ለልጃቸው አስረከቡ፤ ከካውያው ጋር ግን አንድ አደራ አከሉበት። «የሸጥሽው ዕቃ ከቤትሽ ወጣ እንጂ ከስምሽ አልወጣም» አሏት። ስሙ ደግሞ የሳቸውም ነበር፤ የገጠሩ ሰው እስከ ዛሬ የሷን ዕቃ «የዩኑስ ባትሪ» እያለ ነው የሚጠራው።

ከገሳይ በላይ፣ ብርዱ በሚጠናበት የገብስ አገር፣ አንድ እድር አለ። ይህ እድር ሐዘንተኛ የሚቀመጥበትን ድንኳን የሚያበራ ፓኔል፣ ባትሪ፣ የተቆጣጣሪ ሣጥንና አምፖል ከሩቅያ ገዛ። ሩቅያ ራሷ ወጥታ ገጠመችላቸው፤ ፖዘቲቩንና ኔጋቲቩን ሽቦ ለይታ አሳየቻቸው። የቀረውን ለማስረዳት ግን መኪናው እየጠበቃት ነበር። ደግሞስ ቮልትና አምፔር ለገበሬ ምን ይሠራለታል ብላ አስባ ነበር። ቸኩላ ወረደች።

ዓመት ሳይሞላ ይሻው የሚባለው የእድሩ አባል እናቱ ሞቱበት። በለቅሶው ምሽት ካህናቱ ጸሎቱን ሳይጨርሱ አምፖሎቹ ቀሉ፣ ደከሙ፣ ከዚያም ጠፉ። ሰው ኩራዝ ፍለጋ ሲሯሯጥ ሐዘንተኛው በጨለማ ተቀመጠ። እድር የሚቋቋመው ሰው በሐዘኑ ብቻውን እንዳይሆን ነውና፣ ከዚህ የከፋ ውርደት ለእድሩ አልነበረም። የእድሩ ዳኛ ፈንታሁን በማግሥቱ ለሩቅያ ደወለ።

«እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ጉባኤ አለን» አላት። «ወይ ምክንያቱን ትነግሪናለሽ፣ ወይ የባትሪሽን ሬሳ ይዘሽ ትወርጃለሽ።»

ሩቅያ ይህን ለአባቷ ነገረቻቸው። ዩኑስም፣ «ጥፋቱ ያንቺ ከሆነ ተቀበዪው» አሉ። «የሌላ ከሆነም እውነቱን ይዘሽ ነይ። ብቻ የኔን ስም በሐሰት እንዳታድኚው።»

እሑድ ዕለት ከጉባኤው አስቀድማ ወደ ሙላቴ ቤት ሄደች። ሙላቴ የእድሩ ዕቃ ጠባቂ ናቸው፤ ድንኳኑም፣ ብረት ድስቱም፣ ባትሪውም በእጃቸው ነው። በእድሜና በጉልበት ሕመም የጎበጡ፣ በአደራ አጠባበቃቸው ግን አገር የሚምልባቸው ሽማግሌ ናቸው።

«እንዴት ሰነበቱ፣ አያ ሙላቴ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ልጄ። እኔ ደህና ነኝ፤ የታመመችው እሷ ናት።»

ባትሪዋ በዱካ መቀመጫ ላይ ተቀምጣ፣ ብርድ እንዳያገኛት አሮጌ ጋቢ ለብሳ ነበር። ሩቅያ ጋቢውን ገልጣ ክዳኖቹን ፈታች። በክዳኖቹ ዙሪያ ነጭ ዝቃጭ ረግቷል። የአሲዱን ብርታት የምትለካበትን ተንሳፋፊ ያለው ብልቃጥ ከየጉድጓዱ ሞላችው፤ በሁሉም ተንሳፋፊው ከታች ዘቀጠ፤ አሲዱ ደክሟል።

«አያ ሙላቴ፣ ውሃ ጨምረውባታል?»

«እንዴታ!» አሉ ፊታቸው እየበራ። «ደክማ ባያት ከፈትኋት፤ ውስጧ ጎድሏል። የወንዝ ውሃማ አላጠጣኋትም። ይኸው፣ ከወንዛዬ ፍል ውሃ ያመጣሁት ነው። እኔን ከአልጋ ያነሣኝ እሱ አይደል? ለጉልበቴ ካኖርሁት ቀንሼ ነው የሰጠኋት።»

ከደጃፉ አጠገብ ቢጫ ጀሪካን ቆሟል። ሩቅያ ጀሪካኑን አየች፤ የባትሪዋን ክዳኖች መልሳ ገጠመች። ፍል ውሃ ከመሬት ሆድ ሲወጣ የድንጋዩን ጨው አዝሎ ይወጣል። ባትሪ የሚጎድልበት ንጥር፣ ማለትም በእንፋሎት የተጣራ ውሃ ብቻ ነው፤ ጨው የገባበት እንደሆነ በውስጡ ያሉት የእርሳስ ብረት ሰሌዳዎች ተበልተው ያልቃሉ። ሽማግሌው ግን መድኃኒት እንዳጠጡ ነው የሚያምኑት። ይህን በጉባኤ ብትናገር እድሜያቸውን ሙሉ ያከበሩት አደራ በአንዲት ቃል ይፈርሳል። ዝም ብትል ደግሞ የዩኑስ ስም ከገሳይ እስከ እብናት የውሸት ዕቃ ስም ይሆናል።

ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ፣ ከዝግባው ሥር ሕዝቡ ተሰበሰበ። ከባድ ነገር የሚሸከሙበት ሌላ ስላልነበረ ሁለት ጎልማሶች ባትሪዋን በእድሩ ቃሬዛ ይዘዋት መጡ።

«መንገድ ልቀቁ ለሟች» አለ ፈንታሁን። «እንደ ሙሽራ ገብታ በቃሬዛ ወጣች። እንግዲህ ማን ያልቅስላት?»

«መዋጮ አልከፈለችም፤ አይለቀስላትም» አለች ዓይናለም፣ ከሴቶቹ መካከል። ሰው ሳቀ። ይሻው ግን አልሳቀም፤ ሳቁም ወዲያው ሞተ።

ሩቅያ ነጠላዋን ከራሷ ላይ አስተካክላ ቆመች። «ባትሪዋ ስሸጥላችሁ ጤነኛ ነበረች፣ ወላሂ። አሁን ግን አትድንም። የሞተችው በጠጣችው ውሃ ነው። ምን እንደምትጠጣ ያልነገርኋችሁ ደግሞ እኔ ነኝ።»

«ማነው ያጠጣት?»

«የመጣሁት የባትሪዋን ነገር ልናገር ነው። የሰው ስም ልጠራ አይደለም።»

«የሰው ስም ካልጠራሽ ያንቺን እንጠራለን» አለ ፈንታሁን፣ አሁን ያለ ቀልድ። «የዩኑስ ልጅ የሞተ ዕቃ ሸጠችልን እንላለን።»

ሩቅያ ዓይኗን መሬት ላይ ተከለች። አባቷ ከሱቁ ደጃፍ ተቀምጠው መንገድ መንገዱን ሲያዩ በዓይነ ሕሊናዋ ታዩዋት። «እንዲያ በሉ» አለች።

ከዝግባው ሥር ካለ ድንጋይ ላይ አንድ ሰው በዱላው ተደግፎ ሲነሣ ተሰማ።

«ተዋት፣ ፈንታሁን» አሉ ሙላቴ። «ያጠጣኋት እኔ ነኝ። ከወንዛዬው ውሃ፣ ለጉልበቴ ካኖርሁት። እኔን ያዳነ ይገድላታል ብሎ ማን ይጠረጥራል? አሁን ከዚች ልጅ አፍ ሰማሁ። ቁልፉን ለሌላ ስጡት።» ከአንገታቸው ማተብ አጠገብ የተንጠለጠለውን የዕቃ ቤት ቁልፍ ፈትተው ቃሬዛው ላይ አኖሩት።

ሁሉም ወደ ይሻው ነበር የሚያየው፤ የተበደለው እሱ ነውና። ይሻው ተነሣ፣ ቁልፉን አነሣ፣ መልሶ በሽማግሌው እጅ አስጨበጣቸው።

«እናቴ በጨለማ የተለቀሰላት ከእርስዎ ጉልበት በተቀነሰ ውሃ ከሆነ ቂም የለኝም» አለ። ከዚያም ወደ ሩቅያ ዞረ። «ግን ያኔ ያልነገርሽንን ዛሬ ንገሪን።»

ሩቅያ በዚያ ዝግባ ሥር የተናገረችው ሁሉ እነሱ ከሚያውቁት የተቀዳ ነበር። ቮልት ማለት ውሃው ወደ ቦዩ የሚወርድበት ከፍታ ነው አለቻቸው፤ ከፍ ካለ ይገፋል፣ ዝቅ ካለ ይተኛል። አምፔር በቦዩ የሚያልፈው የውሃ ብዛት ነው። ሁለቱ ተባዝተው የሚሠሩት ሥራ ዋት ይባላል። ፓኔሉ ማሳ ነው፤ ፀሐይ በበዛችበት ቀን ብዙ ያፈራል፣ ጉም በዋለበት ቀን ጥቂት። ባትሪዋ ጎተራ ናት።

«ጎተራ ከሆነች ተቆጣጣሪ የምትዪው ሣጥንስ?» አለ ፈንታሁን።

«የጎተራው ጠባቂ ነው። ሲሞላ ይዘጋል፤ ሊያልቅ ሲል ደግሞ ከልካይ ነው። እንዲህ ባለች ባትሪ ግን እስኪከለክላችሁ አትጠብቁ። ግማሿ ሲቀር አቁሙ። የቀረው ዘር ነው።»

«ዘር የበላ ገበሬ ምን እንደሚሆን እናውቃለን» አለች ዓይናለም በቀስታ። በዚህ ቃል ላይ የሳቀ አልነበረም።

ሩቅያ አዲስ ባትሪ እስኪገዛ የሱቋን አንዲት ባትሪ በውሰት ትታላቸው ወረደች። ከዚያ በኋላ ሙላቴ ገበያ በወጡ ቁጥር ሱቋ ጎራ ይሉ ነበር። ዳዊት በቃላቸው የሚደግሙ ሰው ናቸውና፣ አዲሶቹንም ቃላት እንደ ዳዊቱ በዜማ እየመላለሱ ይሏቸው ነበር። ዩኑስ ከደጃፉ ሆነው ያርሟቸዋል። «ዋትን ከአምፔር አስቀደሙ፣ ሙላቴ» ሲሏቸው፣ «አንቱስ የኔን መዝሙር መቼ ታውቁና!» ብለው ይመልሱላቸዋል።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል ሙላቴ አረፉ። ሩቅያ ለለቅሶ ወጣች። ከሴቶቹ ጋር ተቀምጣ ካለቀሰች በኋላ፣ ባትሪዋን አይታ ለመመለስ ወደ ሙላቴ ቤት ገባች። አዲሷ ባትሪ ያችኑ ጋቢ ለብሳ በዱካዋ ላይ ነበረች። ክዳኖቹን ፈትታ ብታይ ውሃው በየጉድጓዱ እስከ ምልክቱ ድረስ ሞልቷል፤ በክዳኖቹ ዙሪያም ነጭ ዝቃጭ የለም። የንጥሩ ውሃ ጠርሙስ ከዱካው ሥር ቆሟል። ቢጫው ጀሪካን ግን ከቤቱ ወዲያኛው ጥግ፣ ከመኝታቸው አጠገብ ተወስዷል። ሩቅያ ክዳኖቹን መልሳ ገጠመች፤ የምትጨምረው ነገር አልነበራትም።

በዚያ ቀን ጉም ከጉና ተራራ ወርዶ አገሩን ሸፍኖት ነበር፤ ፓኔሉም ያገኘው ጥቂት ነው። እድሩ ከአምፖሎቹ ገሚሱን አጠፋ፤ ዘር ይቀራልና። የቀሩት አምፖሎች ግን ካህናቱ ጸሎታቸውን እስኪፈጽሙ ድረስ አልደከሙም። ይሻው ከድንኳኑ ምሰሶ ሥር ቆሞ ያያቸው ነበር።

ሩቅያ ዛሬም በዚያች ሱቅ አለች። ገዢው ቢቸኩልም፣ መኪናው ቢጠብቀውም፣ ቃላቱን በአፉ ሳይመልስላት ባትሪ አታስረክብም። እኔ ስለ እሷ የምለው ይህን ብቻ ነው፦ ሩቅያ ዩኑስ መምህርት ተብላ ልትጠራ ይገባታል።