የተንበረከከችው ፒካፕ

ሩዋንዳ በሚባለው ሰፈር የተከራየሁት ክፍል መስኮቱ የሚያየው ወደ ውስጥ ለውስጥ መንገድ ነው፤ መንገዱ ላይ ከሚገባው በላይ ከፍ ብሎ የተሠራ አንድ የፍጥነት መቀነሻ ብሬከር አለ፤ ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አንድ መኪና ሆዱን እዚያ ላይ ሲፍቅ ሰማሁ። ብረት ሲሚንቶ ላይ ሲጎተት የሚያወጣውን ድምፅ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ጥርስ ውስጥ ይገባል። ከዚያ ሞተሩ ጮኸ፣ ጎማው በባዶ ተሽከረከረ፣ የተቃጠለ ጎማ ሽታ እስከ ሦስተኛ ፎቅ ወጣ፣ ከዚያም ሁሉም ጸጥ አለ። ምን እያደረግኩ እንደሆነ ያወቅኩት አንድ እግሬን ነጠላ ጫማ ውስጥ ከትቼ ሌላኛውን አልጋ ስር ስፈልግ ነው፤ እጅጌዬንም ጠቅልዬ ነበር። እኔ ባደግኩበት ሰፈር ይህን ድምፅ የሰማ ሰው ቤቱ አይቀመጥም።

ያደግኩት ከኢምፔሪያል ወደ ገርጂ ሲገባ፣ ከዋናው መንገድ ጀርባ፣ ቆርቆሮ በቆርቆሮ ላይ ተደጋግፎ በቆመበት ሰፈር ነው። አባቴ ቶሎሳ አንዲት አሮጌ የጃፓን ፒካፕ ነበረችው፤ ቀለሟ ድሮ ሰማያዊ ነበር፣ እኔ ነፍስ ሳውቅ ግን ዝናብ ሊጥል የዳዳው ሰማይ መስላ ነበር። በሥራ ቀን ኢምፔሪያል አደባባይ አጠገብ ቆማ ቤት የሚቀይር ሰው ትጠብቃለች፤ የሰዉን ቁም ሳጥን፣ ፍራሽ፣ አንዳንዴም ፍራሹ ላይ የተጋደመ ውሻ ታመላልሳለች። እሁድ እሁድ የቤተ ክርስቲያናችንን የድምፅ ማጉያና ኪቦርድ ትጭናለች። እናቴ ጫልቱ ከመዘምራኑ አንዷ ነበረች፤ እሁድ ጠዋት ጋቢና ውስጥ በሁለቱ መካከል ተቀምጬ፣ እሷ ድምጿን ስታሟሽ የመስታወቱ ፍሬም አብሯት ሲንቀጠቀጥ በጣቴ እየነካሁ እሄድ ነበር።

በአንድ ክረምት እናቴ ከውኃ ቧንቧው ስትመለስ ጭቃ አዳልጧት ወደቀች፤ ዳሌዋ ተሰበረ። ከሆስፒታል ስትወጣ ሐኪሞቹ ትሄዳለች አሉ፤ እውነታቸውን ነው፣ በምርኩዝ መሄድ ቻለች። ፒካፗ ላይ መውጣት ግን አልቻለችም። ግራ እግሯ ከመሬት ከፍ ማለትን ጨርሶ እምቢ አለ። በርጩማ ተሞከረ፣ በርጩማውም መውጣት ነው። አባቴ ያለው ዘዴ አንድ ብቻ ነበር፤ የመጀመሪያው እሁድ ሁለት እጁን ስሯ አስገብቶ ብድግ አደረገና ጋቢና ውስጥ አስቀመጣት። በር ላይ የቆሙ ልጆች በአንድ ድምፅ የሙሽራ ዘፈን ጀመሩ። ክፋት አልነበረውም፣ እኔ ራሴ እስክስታ ልመታ ዳድቶኝ ነበር። እናቴ ግን ማታ ስትመለስ፣ በዚያው ዘዴ ከወረደች በኋላ፣ አባቴን፦

«የቢኒ አባት፣ ከዛሬ ወዲያ እንደ ጆንያ አታንሳኝ» አለችው።

ከዚያ እሁድ በኋላ ከግቢ አልወጣችም። መጀመሪያ መዘምራኑ ቤት ድረስ እየመጡ አብረዋት ይዘምሩ ነበር፤ ቆይቶ በሁለት ሳምንት፣ ቆይቶ በወር፣ ከዚያ በስልክ ሆነ። እሷም ማንጎራጎሯን ተወች። ቤታችን ምን ያህል በድምፅዋ ተሞልቶ ይኖር እንደነበር ያወቅኩት ያኔ ነው፤ ማድቤት ውስጥ የጋዝ ምድጃው ሲነድ የሚያሰማውን ሹክሹክታ፣ የጎረቤት ቧንቧ ጠብ ጠብ ሲል፣ ሁሉን መስማት ጀመርኩ። እሁድ ጠዋት ልብሷን ለብሳ፣ ጸጉሯን አበጥራ፣ መስኮቱ አጠገብ ትቀመጥና እኔና አባቴ ስንሄድ ታያለች። መካከል መቀመጥ ለምጄ ስለነበር እሷ በሌለችበት ጋቢና ውስጥም መካከል ነበር የምቀመጠው፤ አባቴም ወደ ዳር ጠጋ በል ብሎኝ አያውቅም።

አንድ ቀን እሷ እንቅልፍ ወስዷት ሳለ አባቴ የመጥረጊያ እንጨት ይዞ አልጋዋ አጠገብ ሲንበረከክ አየሁት። የሚጸልይ መስሎኝ ዓይኔን ጨፈንኩ። ስገልጥ እንጨቱን ከወለሉ እስከ አልጋው ጠርዝ ለክቶ በቢላ ምልክት እያደረገበት ነው። ነገሩ ገብቶት ነበር፦ እናቴ መውጣት አትችልም እንጂ መቀመጥ ትችላለች። ወደ አልጋዋ ጀርባዋን ሰጥታ ቁጭ ትላለች፣ ከዚያ እግሮቿን አንድ በአንድ ታስገባለች፣ ማንም ሳይነካት። የፒካፗ ወንበር የአልጋዋን ያህል ዝቅ ቢል እንደዚያው መግባት ትችላለች።

ሌላ መኪና የሚገዛበት አቅም አልነበረም፤ ጋራዥ መውሰድም አልታሰበም። የዚያ ዓይነት ፒካፕ ከፊት በኩል ሞላ የላትም፤ ከሆዷ ስር በግራና በቀኝ የተጋደሙ ሁለት ረጃጅም ብረቶች ናቸው በመጠማዘዝ የሚሸከሟት፤ ጫፋቸው ላይ ያለው ብሎን ሲላላ ብረቱ ይፈታል፣ መኪናዋም ከፊት ትወርዳለች። አባቴ ብሎኖቹን ዝገታቸው እንዲለቅ ናፍጣ እያጠጣ ሰነበተና አንድ ረቡዕ ከሾፌር ጓደኛው የመኪና ማንሻ ክሪክ ተውሶ ግቢ ውስጥ ስሯ ገባ። ከስር የሚታዩት እግሮቹ ብቻ ነበሩ፤ ብሎኑ እምቢ ሲለው በኦሮምኛ ይለምነዋል፣ ሲላላለት በአማርኛ ያመሰግነዋል።

ወሬው ወዲያው ወጣ። መጀመሪያ የመጣው ጎረቤታችን ሳሚ ነው፤ የላምበረት መስመር ሚኒባስ ረዳት ስለነበር ስለ መንገድ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም የሚል ሰው ነው።

«ጋሽ ቶሎሳ፣ ሰው ባሌስትራ ጨምሮ ከፍ ያስደርጋል እንጂ ዝቅ ያስደርጋል እንዴ? የዚህን አገር መንገድ ረሱት? ወይስ በስተርጅና አራዳ ሊሆኑ ነው?»

«አንተ ቆመህ ከምታወራ ክሪኩን ያዝልኝ» አለ አባቴ ከስር።

የእኔ ሥራ ጋቢና ውስጥ መቀመጥ ነበር። መኪናዋ የምትለካው ሰው ሲቀመጥባት ስለሆነ እናቴን የሚተካ ክብደት አስፈለገ፤ እኔና ጭኔ ላይ የተቀመጠ ግማሽ ኩንታል የማይሞላ ድንች ተደምረን እሷን እናህላለን ብሎ ገመተ። አንድ ዙር ያላላል፣ ክሪኩን ያወርዳል፣ እንጨቱን ያስጠጋል፣ ራሱን ይነቀንቃል፣ ደግሞ ይገባል። እናቴ ከመስኮቱ ሆና ለረጅም ጊዜ አየችን።

«ድንቹን የት ልትወስደው ነው?» አለች በመጨረሻ።

«ለሙከራ ነው» አላት።

«ምን መሰለህ፣ እኔ ይህን ያህል አልወፈርኩም» ብላ መስኮቱን ዘጋች። ስትዘጋው ከንፈሯ ጠርዝ ላይ የሆነ ነገር አይቻለሁ።

ብሎኖቹ እስከ መጨረሻ ላልተውም የእንጨቱ ምልክት ላይ አልደረሰም። ስለዚህ መኪናዋ ጉድጓድ ስትገባ ድንጋጤውን የሚያበርዱትን ትናንሽ የጎማ መከታዎች ከሆዷ ስር ፈታና በማድቤት ቢላ ግማሽ ግማሻቸውን ቆረጠ፤ ለሳምንት ያህል ሽንኩርታችን ጎማ ጎማ አለ። ከዚያም የእናቴን ወንበር ሆዱን ከፍቶ ስፖንጁን አወጣለት። ምልክቱ ላይ ደረሰ። ፒካፗ ከኋላ እንደ ድሮዋ ከፍ ብላ ከፊት አጎንብሳ ቆመች፤ የሾፌሩ ወንበር ደግሞ ከጎኑ ካለው አንጻር ዙፋን መሰለ።

ከበራችን ፊት ለፊት ሱቅ ያላቸው እትዬ አስካለ ወጥተው አዩዋትና አፋቸውን ያዙ። «ጉድ ነው! መኪናዋም ጌታን ተቀበለች፤ ተንበርክካ ትጸልያለች» አሉ። ማግስቱን ግን ሐሳባቸውን ለወጡ፤ ጾሙ ሁዳዴ ነበርና፣ ይህች መኪና እየሰገደች ነው፣ ስግደት ደግሞ የእኛ ነው፣ ስለዚህ የእኛ ናት ብለው ሱቃቸው ለሚመጣው ሁሉ አወጁ። ሰፈሩ ለሁለት ተከፈለ። ፒካፗ እስከ እሁድ ከግቢ ስላልወጣች፣ አባቴ በእግሩ ሲያልፍ «ጋሽ ቶሎሳ፣ መኪናዎት ኦርቶዶክስ ናት ጴንጤ?» የማይል አልነበረም። እሱ ግን የሚሳቅበትን ሳይሆን እሁድን ነበር የሚያስበው፤ ሌሊቱን ሲገላበጥ እሰማው ነበር። እምቢ ብትልስ?

እሁድ ጠዋት ምንም ሳይናገር ፒካፗን በራችን ድረስ አስጠጋና የጋቢናውን በር ከፍቶ ወደ ሾፌሩ ወንበር ዞረ። ዞሮ አላያትም። እናቴ በምርኩዟ መጣች፣ ወንበሩን አየች፣ መሬቱን አየች። ምርኩዙን መካከል ለተቀመጥኩት ለእኔ ሰጠችኝ። ጀርባዋን አዞረች፣ ቁጭ አለች፣ ቀኝ እግሯን አስገባች፣ ግራውን በሁለት እጇ አንስታ አስገባች። ከዚያ በሩን ራሷ ሳበችው። በሩ ሲዘጋ ያሰማው ድምፅ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለ።

«ምን ትጠብቃለህ?» አለችው ወደ ፊት እያየች፤ «ይረፍዳል እኮ።»

አባቴ ሁሉን ለክቶ ነበር፤ አንድ ነገር ሲቀር። ከግቢው በር ወጣ እንዳሉ መንገዱን የሚያቋርጥ ብሬከር አለ፤ የሠራውም እሱ ራሱ ነው። እኔ በእግሬ መሮጥ በጀመርኩበት ዓመት አንድ ባጃጅ ለጥቂት ስቶኝ ስለነበር፣ ሰፈሩን አስተባብሮ፣ ድንጋይ ደርድሮ፣ በሲሚንቶ ለስኖ፣ አውሮፕላን ማቆም የሚችል ነገር ሠራ። ብሎኑን ሲያላላ ይህ ትዝ አላለውም። የፊት ጎማዎቹ ብሬከሩን ወጡ፣ ወረዱ፣ ሆዷ ተቀመጠ፣ ያ ድምፅ ወጣ። ቆምን።

በየበሩ ሰው ወጣ። ፊቱን ሳሙና የተቀባ፣ ልጅ ያዘለች፣ ጥርስ መፋቂያ በአፉ የያዘ፣ ከቅዳሴ የሚመለስ። ሳሚ ተንበርክኮ ከስር አየና ተነሳ። «ቀላል ነው፣ እትዬ ጫልቱ ለአንድ አፍታ ይውረዱና ትቅለል» አለ። ግን መኪናዋ ብሬከሩ ላይ ስለተንጠለጠለች ወንበሩ ከመሬት ርቋል፤ ለመውረድ መታቀፍ ያስፈልጋል። አባቴ ዞሮ መጥቶ በሯን ከፈተ። ሁለት እጁን ዘረጋና መልሶ አወረዳቸው። 

እናቴ ሰዉን ሁሉ አየች። ከዚያ ድምጿን ከፍ አድርጋ፦

«እኔን አታንሱኝ ነው ያልኩት። መኪናውን ማን ከለከላችሁ?»

ሰፈሩ በሳቅ ፈነዳ። ወንዶቹ እጅጌያቸውን ጠቀለሉ፤ ከፊት ፓራውልቱን፣ ከጎን የጎማውን ክንፍ ያዙ። እትዬ አስካለ «በስመ አብ!» ሲሉ፣ አባቴ «በኢየሱስ ስም!» ሲል፣ ሳሚ «ሃይ በል!» ሲል አንድ ላይ ሆነና ፒካፗ እናቴንና እኔን እንደያዘች ተነሳች። እናቴን ማንም አልነካትም። እሷ ከበሩ በላይ ያለውን እጀታ ይዛ፣ በሰፈሩ ሁሉ እጅ ላይ ሆና፣ እንደ ልጅ እየጮኸች ሳቀች። ብሬከሩን አሻግረው አወረዱን። ኢምፔሪያልን ሳናልፍ ማንጎራጎር ጀምራ ነበር፤ ጣቴን መስታወቱ ፍሬም ላይ አደረግኩ፣ ይንቀጠቀጣል።

ማታ ስንመለስ አባቴ ፒካፗን ብሬከሩ ጋ ሳትደርስ አቆመና ዲጂኖ ይዞ ብቻውን ሊንደው ወጣ። ሁለቴ እንደመታ ሳሚ መጣ፣ ከዚያ ሌላው፤ እራት ሳይቀርብ መንገዱ ተስተካከለ፣ ሲሚንቶው የነበረበት ቦታ ላይ እንደ ጠባሳ ነጭ መስመር ቀረ።

እናቴ እስከ ዕለተ ሞቷ ድረስ በራሷ እየገባች፣ በራሷ እየዘጋች እሁድ እሁድ ሄደች። እሷ ካረፈች ከጥቂት ጊዜ በኋላ ሰፈሩ ፈረሰ። እትዬ አስካለ የሄዱበት ኮንዶሚኒየም ስሙን ሰምቼ ነበር፣ ጠፋኝ። ሳሚን አንድ ቀን መገናኛ ከሚኒባስ ወደ ሚኒባስ ሲዘል ያየሁት መስሎኛል፤ ስጠራው አልሰማም። አባቴ ከላምበረት ወዲያ አራተኛ ፎቅ ላይ ብቻውን ይኖራል፤ ፒካፗ ከሕንጻው ስር እንዳጎነበሰች ቆማለች። የሚያያት መካኒክ ሁሉ ከፊት ከፍ ትበል፣ ጎማዋን ከውስጥ በኩል እየበላችው ነው ይለዋል። «ትብላው» ይላል። ብረት ሲያረጅ በራሱ እየላላ ስለሚወርድ፣ አባቴ በየጊዜው የመጥረጊያ እንጨቱን ይዞ ይወርድና ይለካታል፤ ከምልክቱ ጎድላ ካገኛት ስሯ ገብቶ ብሎኑን ትንሽ ያጠብቃል። እናቴ ወንበር ላይ የሚቀመጥ የለም። ባለፈው ስሄድ እንጨቱን ከበር ኋላ ቆሞ አይቼ አነሳሁትና አጠገቤ አቆምኩት፤ ምልክቱ ከጉልበቴ ብዙም አያልፍም። ያን ሁሉ ሰው ከቤቱ ያስወጣችው ይህች ቁመት ናት።

ቅዳሜ ዕለት ሁለተኛውን ነጠላ ጫማ ትቼ ወረድኩ። ብሬከሩ ላይ የተቀመጠችው ለፋሽን ዝቅ የተደረገች ትንሽ መኪና ናት፤ ባለቤቷ ከእኔ የሚያንስ ልጅ፣ ስልኩን ይዞ አጠገቧ ቆሟል። ሁለት የጥበቃ ሠራተኞች ከየበራቸው ወንበር ላይ ሆነው ያያሉ። ከላይ አንድ መጋረጃ ተነቃነቀና ተመለሰ። ሰላምታም ሳልሰጠው ጎንበስ ብዬ ፓራውልቷን ከስር ያዝኩ፤ ገና ትኩስ ናት።

ልጁ መጀመሪያ እኔን፣ ከዚያ ባዶ እግሬን፣ ከዚያ ከኋላዬ ያለውን መንገድ አየ።

«ብሮ፣ ብቻህን ነህ እንዴ?» አለኝ። «ይሄ እኮ ሰው ይፈልጋል።»

እጄን ከፓራውልቷ ሳላነሳ ዞሬ፣ ማን ይወጣ ይሆን ብዬ እኔም በሮቹን አየሁ።