የትንሿ ድስት ክዳን

"ለምን አይጥሏትም?" ትይኛለሽ። እውነትሽን ነው፣ መሐሏን የተበሳች የድስት ክዳን ምን ትሠራለች! እኔ ግን ባነሣኋት ቁጥር ስታኞ፣ ያ የመበየጃ እርሳስ፣ በከሰል ሲቀልጥ ይወጣ የነበረው ጭስ ይሸተኛል። ተያት፣ አትንኪያት።

ያኔ የቴክኒክ ትምህርት ቤት ተማሪ ነበርሁ። ቤታችን ከጣና ዳር፣ ደንገሉ አጠገብ ስለነበር የመብራት መስመር አልደረሰንም። ታላቅ ወንድሜን ለውትድርና ወስደውት ወደ ሰሜን ከዘመተ ወዲህ ወሬው ጠፋ። በደርግ ጊዜ የዘማች ልጅን ነገር መጠየቅ ራሱ ያስጠረጥር ነበር። አንድ መንገድ ብቻ ቀረ፤ የአማጽያኑ ሬዲዮ ፀሐይ ስትጠልቅ የምርኮኞችን ስም ያነባል። ያን ሲሰማ የተገኘ ወዮለት! እናቴ ግን ብርድ ልብስ ተከናንባ ጆሮዋን ለጥፋ ትሰማ ነበር። ስሙ ከተጠራ ልጇ አለ ማለት ነው።

ከዚያ የሬዲዮ ድንጋይ ከሱቅ ጠፋ። ያለቁትን ድንጋዮች ፀሐይ ላይ እናሰጣለን፣ በጥርሳችን እንነክሳለን፤ ሬዲዮው ትንሽ ይናገርና ስሞቹ መሐል ድክም ይላል። "አሁን የማንን ስም ሊጠራ ነበር?" ስትለኝ ዓይኗን ማየት አልችልም ነበር።

አባቴ የጭነት መኪና ሹፌር ነበርና ከጋራዥ ያረጀ ባትሪ ተሸክሞ መጣ። ችግሩ ባትሪው አሥራ ሁለት ቮልት፣ ሬዲዮው የሚፈልገው ስድስት መሆኑ ነው። በቀጥታ ቢገናኙ ሬዲዮው ይቃጠላል፤ ያለን ደግሞ እሱው ብቻ። አስተማሪያችን ያሳየን አንድ ሥራ ትዝ አለኝ፤ ዜነር ዳዮድ፣ ሬዚስተርና ትራንዚስተር አንድ ላይ ሲበየዱ፣ ባትሪው ቢጠግብም ቢደክምም ለሬዲዮው የሚደርሰውን እዚያው ስድስት አካባቢ ያቆሙታል። ዕቃዎቹን ከተበላሸ ቴፕ ነቀልሁ። መበየጃውን ብረት ከሰል ላይ እያጋልሁ፣ ጣቴን እያቃጠልሁ ገጣጠምኋቸው። ትራንዚስተሩ እንዳይቃጠል ሙቀቱን የሚበትንለት ብረት ሳጣ እናቴ ክዳኗን ከድስቱ ላይ አንሥታ ሰጠችኝ።

"ብሺያት! ወጡ ሳይከደን ይብሰል" አለችኝ። መሐሏን በስቼ ትራንዚስተሩን አሰርሁባት። ሬዲዮውን ስንከፍተው ክዳኗን ዳሰሰችና "ለምን ትሞቃለች?" አለች።

"ከስድስት በላይ የሆነው ትርፍ በእሷ በኩል ነው የሚወጣ።"

"ታድላ! እሷስ ማውጫ አላት" አለች።

በዚያው ሳምንት የወንድሜ ስም ከነአባቱ፣ ከነአያቱ፣ ከነትውልድ ቦታው ጥርት ብሎ ተጠራ። እናቴ እልል እንዳትል አፏ ውስጥ ነጠላዋን ጠቀጠቀች፤ ተደፍታ ወለሉን ሳመች። እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ደስታችን ብዙም አልቆየ። ጎህ ሲቀድ የቀበሌው ሊቀመንበር ጎረቤት አስከትሎ ገባ። መርዶ! "ልጅዎ ለአብዮታዊት እናት ሀገሩ ተሰውቷል፤ ኩሩበት" አለ። በእነሱ ቋንቋ ተማረከ አይባልም፣ ተሰዋ ነው የሚባል። እናቴ ደርቃ ቀረች። ሰውየው ፊቷን ትክ ብሎ ያያል። ልጅሽ ሞተ ተብላ የማታለቅስ እናት፣ ሌላ ነገር ከየት ሰማች ይባላላ! አባቴ ያቀፋት መስሎ በሹክሹክታ ሲነግራት ሰማሁ፤ "አልቅሺ። አልቅሺ አንቺ ሴት፣ ልታስፈጂን ነው!"

አለቀሰች። ደረቷን ደቃች፣ ሙሾ አወረደች፤ ሰፈሩ ሁሉ አብሯት ተላቀሰ። ሊቀመንበሩ ንፍሮውን ቆርጥሞ ሄደ፣ እግሩን ይስበረውና! ተዝካሩንም አወጣን፤ ካህናቱ በሕይወት ላለ ሰው ፍትሐት አደረሱ። በቁም ሰው ላይ ማልቀስ ሟርት መሆኑን እናቴ ታውቃለች። "ምላሴ ይቆረጥ፤ ልጄን በአፌ ቀበርሁት" እያለች ምግብ አልቀምስ አለች።

ደርግ ሲወድቅ ምርኮኞች ተመለሱ። እናቴ ነጭ ለብሳ መኪና ከሚቆምበት አትጠፋም ነበር። በመጨረሻ ከወንድሜ ጋር የተማረከ ልጅ ቤታችን መጥቶ ነገረን። ወንድሜን በምርኮ ሳለ ወባ ገድሎት ኖሯል፤ እኛ ተዝካሩን ካወጣን በኋላ።

እናቴ ደጅ ወጥታ ጮኸች። ጎረቤቶች ብቅ አሉ። "ውይ እትዬ፣ የእሱማ ድሮ ተለቅሶ የለ! ምነው የዳነ ቁስል ባይቀሰቅሱ" አሉና ወደየቤታቸው ተመለሱ። ድንኳን አልተጣለ፣ ንፍሮ አልተቀቀለ። ለውሸቱ አገር ያለቀሰላት ሴት፣ ለእውነቱ ብቻዋን ቀረች።

ፀሐይ ስትጠልቅ "ሬዲዮውን ክፈችልኝ" አለችኝ። ጣቢያው የለም፤ ሽሽሽ ይላል እንጂ።

"እማ፣ ስም የሚያነብ የለም እኮ።"

"አውቃለሁ" አለች። ክዳኗ ለብ እስክትል ጠብቃ መዳፏን አሳረፈችባት። እስክትሞት ድረስ ምሽት ምሽት እንዲሁ ታደርግ ነበር። እኔም ባትሪው ባለቀ ቁጥር ገበያ ወስጄ እያስሞላሁ አመጣላት ነበር፤ የሚደመጥ ነገር ኖሮ አይደለም፣ ክዳኗ እንድትሞቅላት ብቻ።