አሥር ሺህ አንድን የከፈለችው

ባለፈው ሳምንት ቆጣሪ አንባቢው በሬ ላይ ቆሞ፣ «እማማ፣ አሥር ሺህ አንድ ላይ ደርሷል» አለኝ። እሱ ጽፎ ሄደ፤ እኔ ግን በሩን ሳልዘጋ ቆየሁ።

አሥመራ ስማር ትምህርቱ ወደ አማርኛ ከዞረ ብዙ አልቆየም ነበር። አባቴ ከጎንደር የመጣ የፖስታ ቤት ሠራተኛ ስለነበር አማርኛ የቤቴ ቋንቋ ነው። አጠገቤ የምትቀመጠው ለተብርሃን ከከተማው ዳር ከጎዳይፍ በአውቶቡስ ትመጣለች። በሒሳብ የሚደርስባት የለም፤ በአማርኛ ሲጠይቋት ግን አንገቷን ትደፋለች።

ጥር ላይ፣ ጠዋቱ እጅ በሚያደነዝዝበት ወር፣ አንድ ተቆጣጣሪ ከአዲስ አበባ መጡ። አንዲት ልጅ መርጠው እዚያ አዳሪ ትምህርት ቤት በነጻ እንደሚያስገቡ ሰምተናል። ለተብርሃን አባት የላትም፤ እናቷም «ከዘንድሮ ወዲያ ላስተምርሽ አልችልም» ብለዋታል።

ተቆጣጣሪው ሰሌዳው ላይ 10001 ብለው ጻፉ። «ከአንድና ከራሱ በቀር የሚከፍለው አለ? ከዕረፍት በኋላ መልሱልኝ።»

እኛ ፀሐይ ላይ ቆመን ባኒ ዳቧችንን ሻሂ ውስጥ እየነከርን «የለም» ብለን ተስማማን። ለተብርሃን ደብተሯን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ ታካፍላለች።

«አንቺ፣ ዳቦሽ ደረቀ!» አልኳት።

«ሃያ ቁጥር ሞከርኩ፤ ሃያውም እምቢ አለኝ» አለች በትግርኛ፣ ቀና ሳትል።

ከሁለት ጀምራ ሌላ የማይከፍላቸውን ቁጥሮች ብቻ በተራ ስትሞክር ሃያ አንደኛው ሰባ ሦስት ነበር። እሱ እሺ አለ።

ክፍል ገብተን ሁሉም «አይካፈልም» ሲል ለተብርሃን ተነሣች። «ኣይፋሉን፣ ይምቀል እዩ። አይደለም፣ ይካፈላል» አለችና ቃል አጠራት። አንዷ ከኋላ «አማርኛዋ እስኪመጣ ምሳ ይደርሳል!» ስትል ክፍሉ ሳቀ።

«ተቀመጪ» አሏት ተቆጣጣሪው። ወደ እኔ ዞሩ። «አንቺስ?»

ለተብርሃን ደብተሯን ወደ እኔ ገፋችው፤ እንድናገርላት ነው። ተነሥቼ ከደብተሯ አነበብኩ።

«ለሰባ ሦስት ሲካፈል መቶ ሠላሳ ሰባት ይሆናል። ደግሞ የትኛውንም ባለ አራት አኃዝ ቁጥር ሁለት ጊዜ አከታትለን ብንጽፍ፣ 4827ን 48274827 ብንል፣ በ10001 አባዛነው ማለት ነው። ስለዚህ እሱም ለሰባ ሦስት ይካፈላል።»

ንግግሬን አንዲት ቃል ጎደለችው። «ትላለች» አላልኩም።

«ጎበዝ! የማን ልጅ ነሽ?»

የአባቴን ስም ነገርኳቸው።

ከትምህርት በኋላ እስከ ፌርማታው አብረን ሄድን።  አውቶቡሱ ሲቆም «ኣምሓርኛኺ ጽቡቕ እዩ» አለችኝ፤ አማርኛሽ ጥሩ ነው ማለቷ ነው።

አዲስ አበባ የሄድኩት እኔ ነኝ። አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ የመሥሪያ ቤት ታይፒስት ሆንኩ። ሒሳቡን ወዲያው ረሳሁት፤ መጀመሪያም አልወደውም ነበር። እሷ አዝራር ፋብሪካ ገብታ ትልቁን ከትንሹ ስትለይ እንደምትውል እናቴ ጻፈችልኝ።

ያን ዘመን የሚያነሡ ሰዎች በደሉን ሁሉ ከላይ ለመጡት ይሰጣሉ። ሐሰት አይደለም፤ ሳይሰሟት «ተቀመጪ» ያሏት እሳቸው ናቸው። ልጆቼም «ልጅ ነበርሽ፣ ደንግጠሽ ነው» ይሉኛል። ተቆጣጣሪው ግን ያን ጥያቄ የጠየቁን ሰኞ ነው፤ እስከ ዓርብ ግቢው ውስጥ ነበሩ። በየቀኑ በአጠገባቸው አልፍ ነበር፤ በየቀኑም እጅ እነሣቸው ነበር።